ሳይጠየቁ መናገር

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ የተታለለ ሰው ሁለት ነገር ሊማር ይችላል። አንደኛው ዳግመኛ እንዳይታለል መጠንቀቅ ነው፤ ይህን ሁሉም ሰው ፈጥኖ ይማረዋል። ሁለተኛው ግን እርሱ ራሱ ሌላውን እንዳያታልል መጠንቀቅ ነው። እኔ ይህን ሁለተኛውን የተማርሁት ስድሳ ዓመት ከሞላኝ በኋላ፣ በአንዲት አሮጌ አውቶሞቢል ምክንያት ነው።

ዘመኔን በማስተማር ሥራ አሳልፌ በ2011 ዓ.ም. ጡረታ ወጣሁ። ቤቴ ጎንደር ውስጥ ማራኪ ነው። የባለቤቴ እናት ግን የሚኖሩት ከዳባት ወዲያ ባለ ገጠር ነው። በዚያን ጊዜ ዓይናቸው እየደከመ ስለ ሄደ ወደ ጎንደር ሐኪም ቤት መመላለስ ግድ ሆነባቸው። በሚኒባስ ተጨናንቀው፣ ብርድ ቆራርጧቸው በደረሱ ቁጥር ባለቤቴ ታለቅስ ነበር። ስለዚህ ያጠራቀምሁትን ገንዘብ በውጭ ሀገር ያለችው ልጃችን ከላከችልን ጋር አንድ ላይ አድርጌ፣ ቤተ ሰብ የምትይዝ፣ ዳገትና ጭቃ የማትፈራ አሮጌ አውቶሞቢል ልገዛ ቈረጥሁ።

ጊዜው 2012 ዓ.ም. ነበረ። በዚያ ዓመት የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ አውቶሞቢሎች ላይ ከባድ ታክስ ስለ ጣለ፣ በሀገር ውስጥ ያሉትም ዋጋቸው ሊንር ነው እየተባለ ሰው ይሽቀዳደም ነበር። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያልሁ ስንት ዓመት ተማሪዎቼን የመከርሁ ሰው እኔም አብሬ ቸኮልሁ። አንድ ደላላ አዲስ አበባ ውስጥ የምትሸጥ ሱዙኪ ቪታራ አለች ብሎ ፎቶግራፏን በስልክ ላከልኝ። ቀለሟ ነጭ፣ ጎማዋ አዲስ፣ ወንበሯ ንጹሕ ነበረ። ዋጋዋም ከመሰሎቿ በ40,000 ብር ያነሰ ነው። ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ሆንሁ።

በ1900 ዓ.ም. ለዐፄ ምኒልክ አውቶሞቢል ያመጣላቸው ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ፣ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ አዲስ አበባ ድረስ ከመኪናው ጋር ስለ መጣ፣ የመኪናውን ዐመል ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። በዘመናችን ግን ሻጭና ገዥ ፊት ለፊት ሳይተያዩ ይዋዋላሉ። እኔም ሻጩን በስልክ ጠየቅሁት። መቼ ተሠራች? ቀለሟ ዳግመኛ ተቀብቷል ወይ? ጎማው መቼ ተለወጠ? ሊብሬው በስምህ ነው ወይ? አልሁት። ለጠየቅሁት ሁሉ እውነቱን መለሰልኝ። የወንድሜ ልጅ በውክልና ፈረመልኝ፤ ውሉም በውልና ማስረጃ ጸደቀ።

ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ በመካከሉም ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣው የዓባይ በረሃ አለ። የቀጠርሁት ሾፌር በሁለተኛው ቀን ማራኪ ደርሶ ቁልፉን ሲያስረክበኝ፣ «ጋሼ፣ ደኅና ናት፤ ብቻ ትንሽ ውኃ ትወዳለች» አለኝ። እኔም «ውኃ የማይወድ ማን አለ?» ብዬ ሳቅሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አማቴን ልናመጣ ከባለቤቴና ከልጅ ልጄ ጋር ወደ ዳባት ተነሣን። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የወገራ ደጋ ግን ከ2,700 ሜትር በላይ ስለ ሆነ መንገዱ ዳገት ነው። ኮሶዬ ስንደርስ የሙቀት መለኪያዋ መርፌ ቀዩን ነካች፤ ወዲያው እንፋሎቱ የፊቱን መስተዋት ጋረደው። ሕፃኑ በብርድ እየተንቀጠቀጠ እስከ ማታ መንገድ ዳር ቆየን፤ በመጨረሻ አንድ የጭነት መኪና ጎትቶ መለሰን።

መካኒኩ ነገሩን አስረዳኝ። ሞተር ውኃው እየፈላ ሲነዳ በኖረ ጊዜ ቴስታታ የሚሉት የሞተሩ ራስ ይጣመማል፤ በእርሱና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ ይቃጠላል፤ ከዚያ በኋላ ውኃው ሊይዝ አይችልም። ከራዲያተሩም ውስጥ ቡናማ ዝቃጭ አውጥቶ እያሳየኝ፣ «ይኸ ቀዳዳ መድፈኛ መድኀኒት ነው፤ ከመሸጧ በፊት ተጨምሮባታል» አለኝ።

ሻጩ ዘንድ ደወልሁ። ሳይቈጣ፣ ሳይክድ፣ «አባቴ፣ እርስዎ መቼ ጠየቁኝ?» አለኝ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኀላፊ እንዲሆን ያዛል። ነገር ግን ለክርክር አዲስ አበባ መመላለሱ ከጥገናው በላይ እንደሚያስወጣኝ አስቤ ተውሁት። በልቤ ግን ያን ሰው ሌት ተቀን ከሰስሁት፤ ፈረድሁበትም።

ይህን ሁሉ የነገርሁህ እንድታዝንልኝ አይደለም፤ ኀፍረቴ ገና ወደ ፊት ነው። መካኒኩ አንድ ቀን፣ «ጋሼ፣ ለምን ይከስራሉ? ያንኑ መድኀኒት እንጨምርባትና ይሽጧት፤ ጥቂት ወር ትሄዳለች» አለኝ። እኔም እሺ አልሁ። ተጨመረባት። አዘዞ ድረስ ነድቼ ስመለስ መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም። ብዙ ሳይቈይ ከደብረ ታቦር አንድ ወጣት ደወለ፤ ሁለት ልጆች እንዳሉት ነገረኝ። ጥያቄዎቹ የራሴ ጥያቄዎች ነበሩ፤ ስለ ቀለሟ፣ ስለ ጎማዋ፣ ስለ ሊብሬዋ። ሁሉንም በእውነት መለስሁለት። በመጨረሻም፣ «መምህር መሆንዎን ስለ ሰማሁ መካኒክ አልልክም፤ አምኜዎታለሁ» አለ።

በዚያች ቅጽበት አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ ፊደል ያልቈጠረ የወገራ ገበሬ ነበረ። የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለሁ አንድ ቀን በሬ ሊሸጥ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ወሰደኝ። ከሚያገኘው ገንዘብ ጫማ ሊገዛልኝ ተስፋ ሰጥቶኝ ነበረ። ገዥው የበሬውን ጥርስ አየ፤ ኮቴውን አየ፤ በዋጋም ተስማሙ። ከዚያ በኋላ አባቴ፣ «ወንድሜ፣ ያልጠየቅኸኝ ነገር አለ፤ ይኸ በሬ በቀኝ በኩል ሲጠመድ ይተኛል» አለው። ዋጋው 15 ብር ወረደ፤ ጫማዬም ቀረ። እኔ እያለቀስሁ፣ «አባባ፣ እሱ መቼ ጠየቀህ?» አልሁት። አባቴም፣ «ቢያውቅማ ይጠይቀኝ ነበር» አለኝ።

በኮሶዬ ዳገት ያቃጠለኝን የዚያን ሻጭ ቃል፣ ገና በልጅነቴ ተናግሬው ኖሯል! ስልኩን እንደ ያዝሁ፣ «ልጄ፣ ያልጠየቅኸኝ ነገር አለ» አልሁና የሞተሩን ነገር፣ የመድኀኒቱንም ነገር ነገርሁት። ጥቂት ዝም አለ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ስልኩን ዘጋ፤ ተመልሶም አልደወለም።

ከዚያ በኋላ መኪናዋ በእውነት ተጠገነች። የሞተሩ ራስ ተፈትቶ ተስተካከለ፤ ማሸጊያውና የውኃው ፓምፕ ከሶማሌ ተራ ተገዝተው በአውቶቡስ መጡ፤ ራዲያተሩም ታጠበ። ከጡረታዬ እየቈጠብሁ አራት ወር ፈጀብኝ። ሒሳቡን ብደምረው ከ40,000 ብር ጥቂት አለፈ። ረከሰልኝ ብዬ የተደሰትሁበት ገንዘብ የጉድለቷ ዋጋ ነበረ። አማቴን ይዘን ከደጋው ስንወርድ፣ መልሰንም ስንወጣ፣ መርፌዋ ከመካከል አልነቃነቅ አለች። እስከ ዛሬም በእጄ ናት።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፣ እናንተ ወጣቶች የምትገዙት ብዙ ጊዜ ሌላው የነዳውን ነው። ስለዚህ በሩቅ ስትገዙ የራሳችሁን መካኒክ ላኩ። የራዲያተሩ ክዳን ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ተከፍቶ ይታይ፤ መኪናው ዳገት ላይ ይፈተን፤ የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይመሳከር፤ ዕዳና እግድ እንደሌለበት ይጣራ። ከሁሉ በኋላ ሻጩን «ያልጠየቅሁህ ምን አለ?» በሉት።

እናንተ ስትሸጡ ግን ይህ ጥያቄ እስኪመጣ አትጠብቁ። ውሸት የተናገረ ሰው ቢያንስ ውሸታም መሆኑን ያውቃል፤ እውነትን ይዞ ዝም ያለ ሰው ግን ራሱን እንደ ጻድቅ ይቈጥራል። እኔም በዚያ ጽድቅ ላይ አንድ እግሬን አኑሬ ነበር፤ የመለሰኝም ያነበብሁት መጽሐፍ ሳይሆን ፊደል ያልቈጠረው አባቴ ነው።