ከላይ ሆኖ ማየት ብቻ አይበቃም



ለመሆኑ በአንድ ቤት ያደጉ፣ ከአንድ ገበታ የሚበሉ ወንድማማቾች በኮምፒውተር ጨዋታ ሳቢያ ይኮራረፋሉ ቢባል ማን ያምናል? እኛ ግን ተኮራርፈናል። ነገሩም እንዲህ ነው።

እኛ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ የምንገኝ ሁለት ወንድማማቾች ስንሆን፣ ሁለታችንም በማስተማር ሥራ ላይ ነን። ከእኛ በታች አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ታናሽ ወንድም አለን። የአጎታችን ልጅ ደግሞ ለሥራ ወደ ዱባይ ከሄደ ዓመታት ተቆጥረዋል። አራታችንን በሳምንት ሁለት ምሽት፣ ከዒሻ ሶላት በኋላ የሚያገናኘን ዋር ተንደር የተባለው የአውሮፕላን ውጊያ ጨዋታ ነው። ይህ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2012 ለሕዝብ የተከፈተ ሲሆን፣ በየአገሩ ያሉ ሰዎች በኢንተርኔት ተገናኝተው፣ በሁለት ጎራ ተከፍለው፣ በጦርነቱ ዘመን የነበሩትን አውሮፕላኖች እያበረሩ ይፋለሙበታል። እስከ አራት ሰው ሆኖ አብሮ የሚገባው ቡድን ስኳድ ይባላል። እኛ በምንጫወትበት ዓይነት አንድ ሰው ከወደቀ ለዚያ ውጊያ ሌላ አውሮፕላን አያገኝም፤ የጓደኞቹን መጨረሻ ቁጭ ብሎ ከማየት በቀር ምርጫ የለውም።

ስኳድ የመመሥረቱ ልማድ ትናንት የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኤር ዋሪየር በተባለው ጨዋታ ሰዎች በስልክ መስመር እየተገናኙ፣ በሰዓት ሒሳብ እየከፈሉ ይጫወቱ ነበር። በ1995 ዋርበርድስ፣ በ2000 ደግሞ ኤሴስ ሃይ ተከተሉ። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ሰዎች ለቡድናቸው ስም አወጡ፣ የሚገናኙበትን ምሽት ቆረጡ፣ አዲስ የመጣውን አሠለጠኑ፣ በሚገባ ለተዋጋቸው ባላጋራም ሰላምታ መስጠትን ለመዱ። ብዙዎች ጨዋታው ቢሰለቻቸውም እንኳ ለስኳዳቸው ሲሉ ይመለሳሉ።

ስኳድን የሚያፈርሰው ብዙ ጊዜ የአጨዋወት ልዩነት ነው። ይህን ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በአየር ውጊያ ከፍታ ማለት የተጠራቀመ ፍጥነት ነው፤ ወደ ታች ሲወርዱ ይመነዘራል። ጠንክሮ በታጠፉ ቁጥር ደግሞ ያ ሀብት ይባክናል። ስለዚህ አንዳንዱ ከፍ ብሎ ይቆይና እንደ ጭልፊት ወርዶ፣ ተኩሶ፣ ተመልሶ ይወጣል። ሌላው ወደ መሐል ገብቶ እየተጠማዘዘ ከባላጋራው ጀርባ ለመድረስ ይታገላል። የመጀመሪያው ሁለተኛውን “ችኩል” ይለዋል፤ ሁለተኛውም የመጀመሪያውን “ፈሪ” ይለዋል። አውሮፕላኖቹም እንደ ሰዎቹ ይለያያሉ። ታናሽ ወንድማችን የሚወደው የእንግሊዞቹ ስፒትፋየር ቀላልና በቀላሉ የሚታጠፍ ነው። እኛ የምናበረው የአሜሪካኖቹ ተንደርቦልት ግን በክብደት ወደ እጥፍ የሚጠጋ፣ ስምንት መትረየስ የተሸከመ፣ ለመታጠፍ የሚከብድ፣ ቁልቁል ሲወረወር ግን ብዙዎች የማይደርሱበት ነው። የአጎታችን ልጅ ከሁላችንም ተለይቶ በምድር ላይ ያሉትን ዒላማዎች ይመታል።

እኛ ታላላቆቹ ይህን ሁሉ እናውቅ ነበር። ልዩነታችንንም እንጠቀምበት ነበር፤ የተጠቀምንበት መንገድ ግን ዛሬ ስናስበው ያሳፍረናል።

አንድ ምሽት ታናሻችን ሁለት ሜሰርሽሚቶች ያዙት። በማዳመጫው “ከኋላዬ ናቸው፤ ውረዱ!” አለ። እኛ በላዩ ነበርን። ደግሞ ጠራን። እኛ ግን “ትንሽ ይቆይ፤ ባላጋራዎቹ በመታጠፍ ፍጥነታቸውን ይጨርሱ” ብለን ጠበቅን። ሦስተኛ ሲጠራን ክንፉ ተቆረጠ። ያኔ ወረድንና ፍጥነት ያለቀባቸውን ሁለቱን አውሮፕላኖች ያለምንም ችግር ጣልን። ሁለታችንም በደስታ ጮኽን። ከዚያ አልፈን “ማን ከፍታህን ጣል አለህ? ስንቴ እንንገርህ?” ብለን ወቀስነው።

እርሱም ማዳመጫውን አውልቆ፣ “ማጥመጃ ካደረጋችሁኝ ቢያንስ ንገሩኝ እንጂ” ብሎን ተነሣ።

በሚቀጥለው ሳምንት ከማናውቃቸው የውጭ አገር ሰዎች ስኳድ ገብቶ ሲጫወት አየነው። በሩን ይዘጋል፤ እራት ሲቀርብ “በልቻለሁ” ይላል። እናታችን “ልጄን ምን አድርጋችሁት ነው ከገበታ የሚሸሸው?” ብትለን የምንመልሰው አጣን። “ልጅነት ነው፣ ይተወዋል” አልን። አልተወውም። ወር አለፈ።

ልባችንን የነካው አንድ የቆየ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 ጆን ታች የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አብራሪ፣ ዜሮ የተባለው የጃፓኖች አውሮፕላን በመታጠፍም በመውጣትም ከእርሱ ዋይልድካት እንደሚበልጥ ሰማ። ማታ ማታ በቤቱ ጠረጴዛ ላይ የክብሪት እንጨቶችን እየደረደረ መላ ፈለገ። ያገኘው ዘዴ ይህ ነው። ሁለት አውሮፕላኖች ተራርቀው ጎን ለጎን ይበራሉ፤ አንዱን ጠላት ከኋላ ሲይዘው ሁለቱም እርስ በርሳቸው ወደ ሌላው ይታጠፋሉ፤ አሳዳጁም ሳያስበው ከሁለተኛው አፈሙዝ ፊት ይደርሳል። በሰኔ 1942 በሚድዌይ ውጊያ ተጠቀሙበት። ያ የሰው ነፍስ የጠፋበት እውነተኛ ጦርነት ነበር፤ የእኛ ግን ጨዋታ ነው። ነገር ግን ዘዴው እንዲሠራ ሁለቱም በአንድ ጊዜ መታጠፍ አለባቸው። አንደኛው “ቆይ፣ ትንሽ ልይ” ካለ የተያዘው ይወድቃል።

እኛ ስንቴ “ትንሽ ይቆይ” ብለናል? በክፍላችን ውስጥ ቀስ ብሎ የሚያስበውንና ፈጥኖ እጁን የሚያወጣውን ተማሪ በአንድ ቡድን አድርገን፣ “ተደማመጡ” የምንል መምህራን አይደለንምን? በቤታችን ግን የታናሻችንን ድፍረት ለራሳችን ውጤት መሰብሰቢያ አደረግነው።

በአንድ ዓርብ ከጁምዓ መልስ ቡና ተፈልቶ ሳለ ክብሪቱን ከረከቦቱ አጠገብ አንሥተን፣ “እስኪ እንዴት እንደምንወርድ አሳየን” አልነው። ብዙ ዝም አለ። ኋላ እንጨቶቹን ደረደረ። “እኔ ስታጠፍ ሰውየው ዓይኑ እኔ ላይ ብቻ ነው፤ ላዩን አያይም። መውረድ ያለባችሁ ያን ጊዜ ነው እንጂ እኔ ከወደቅኩ በኋላ አይደለም” አለ። ስንት ዓመት ተጫውተን፣ እርሱ ከታች ሆኖ የሚያየውን ጠይቀነው አናውቅም ነበር። “አፉ በለን” አልነው። “አፉ ብያለሁ፤ ግን ስጠራ መልሱልኝ” አለ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገሮችን ተስማምተናል። አንደኛ፣ ከመነሣታችን በፊት ማን ከላይ፣ ማን ከታች እንደሚሆን እንነጋገራለን፤ ሳያውቅ ማጥመጃ የሚሆን ሰው የለም። ሁለተኛ፣ ለጠራ ሰው “መጣሁ” ወይም “አልደርስልህም፣ አምልጥ” ተብሎ ወዲያው ይመለስለታል፤ ዝምታ የለም። ሦስተኛ፣ “የእኔን ነጠቅኸኝ” የሚባል ክርክር ቀርቷል። አንዱ ያቆሰለውን ሌላው ቢጨርሰው ሁላችንም የጣልነው ነው። የአጎታችንን ልጅም “መሬት ቆፋሪ” እያልን መሣቅ ትተናል፤ እኛ ስንሽከረከር የምድሩን ዒላማ እየመታ ውጊያውን ያሸነፈልን ስንት ጊዜ ነው።

ታናሻችን ዛሬም አንዳንድ ምሽት ከእነዚያ ሰዎች ጋር ይጫወታል። እኛም አልከለከልነውም፤ አንድ ምሽት ግን አጠገቡ ተቀምጠን አዳመጥን። ቋንቋቸው ሻካራ፣ ቀልዳቸውም የማይጥም ነበር። ቢሆንም ሲጠራቸው አንዳቸውም ሳይመልሱለት አልቀሩም። ለካ ከእኛ ያጣው ይህንን ነበር!

ወላጆችና ታላላቆች ሆይ! ልጆቻችሁ ማዳመጫ አድርገው ሲጮኹ ስትሰሙ “አጥፋው” ከማለታችሁ በፊት ከማን ጋር እንደሆኑና ምን ዓይነት ተጫዋች እንደሆኑ ጠይቁ። እናንተም ወጣቶች፣ ከእናንተ የተለየ አጨዋወት ያለውን ከመናቃችሁ በፊት እርሱ ከቆመበት ቦታ ምን እንደሚታይ ጠይቁት።

ባለፈው ሳምንት ታናሻችን ሲጠራን ሁለታችንም ያለመጠን ፈጥነን ወረድን። አንደኛችን ከመሬት ተጋጨ፣ አንደኛችን ተመታ፣ እርሱም ወደቀ። መሸነፋችን ነው። ወንድማችን ግን እየሣቀ ከክፍሉ ወጥቶ፣ “ይሁን፣ መጥታችኋል” አለና እጁን ታጥቦ ከገበታው ቀረበ።