ቆሽቱ ያረረው ቡቺ

እናቴ ስትናደድ «ቆሽቴን አታሳርሪው!» ትለኛለች። ቆሽት የምር ሊያር እንደሚችል ያወቅሁት ግን ዘንድሮ በፋሲካ ሰሞን፣ ሶማሌ ተራ ውስጥ ነው።

አባቴ እዚያ ያገለገሉ የመኪና መለዋወጫዎች ይሸጣል። ሌሊት ሱቆቹን የሚጠብቁት አንድ ሽማግሌ ዘበኛና ውሻቸው ቡቺ ናቸው። ለበዓሉ ከታረደው በግ የተረፈውን ላትና ሞራ በፌስታል ቋጥሬ ለቡቺ ወሰድኩለት። ምን ልበላችሁ፣ ፌስታሉን ሳይቀር ላሰው።

በማግስቱ ቡቺ ደጋግሞ አስመለሰው፤ ለሀጩ ተዝረበረበ። የፊት እግሮቹን መሬት ላይ ዘርግቶ ቂጡን ወደ ላይ እያነሳ ያቃስታል። «አብዷል! መርዝ ይሰጠው!» አለ አንዱ ደላላ። ዘበኛው «ተከትቧል እኮ!» እያሉ ለመኑ። ታክሲ ኮንትራት ይዘን ወደ እንስሳት ሐኪም በረርን።

ሐኪሙ «ምን በላ? መቼ? ምን ያህል?» እያለ ጠየቀ። እኛ ክፍል ውስጥ የምንማራቸው ጥያቄዎች! ዘበኛው «ከፍትፍት በቀር ምንም» አሉ። እኔ ዝም አልኩ። በኋላ ግን አላስቻለኝም። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ፤ ሞራ አብልቼዋለሁ» አልኩ።

ሐኪሙ አስረዳን። ቆሽት የሚያመነጨው ምግብ ፈጪ ኢንዛይም ሥራ መጀመር ያለበት አንጀት ሲደርስ ነው። ቆሽት ሲቆጣ ግን እዚያው ይነቃና ራሱን ቆሽቱን ይፈጨዋል። ቅባት የበዛበት ምግብ ለዚህ ሰበብ ሊሆን ይችላል። መርዝ፣ የተዋጠ አጥንትና ፓርቮ የተባለው በሽታም እንዲሁ ስለሚያስመልሱ፣ ለመለየት የቆሽት ላይፔዝ የሚባል የደም ምርመራና አልትራሳውንድ ያስፈልጋል። የደም ምርመራው እዚያ አልነበረም። አልትራሳውንዱና የእኔ ኑዛዜ ናቸው መንገዱን ያሳዩት።

በሽታውን ነቅሎ የሚያጠፋ አንድ መድኃኒት የለም። ጉሉኮስ፣ የሕመም ማስታገሻና የማስመለስ ማስቆሚያ ተሰጠው። እኔ ለቀናት ይጾማል ብዬ ነበር። ሐኪሙ ግን ማስመለሱ ጋብ እንዳለ ቆዳው የተገፈፈ የተቀቀለ ዶሮ ከሩዝ ጋር ጥቂት በጥቂት እንዲበላ አዘዘ።

በአራተኛው ቀን ቡቺ ጭራውን ቆላ። ዘበኛው «ልጄ፣ በደግነት ነው ያደረግሽው። ግን ዝም ብትዪ ኖሮ...» ብለው አቋረጡት። የቀረውን እኔ ራሴ ጨረስኩት።

ወገኖቼ፣ በበዓል ጮማውን ለውሻ አትስጡ። ከሰጣችሁም፣ ስትጠየቁ አትደብቁ። ቸር ይግጠመን!