ነፋስ የወሰደው ጋቢ

በዘመን አቈጣጠር መጸው የሚባለው ወራት ከመስከረም 26 ቀን ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ድረስ ነው። በዚህ ወራት ምድር በአበባ ታጌጣለች፤ ገበሬው እሸቱን አይቶ ደስ ይለዋል፤ ማኅሌታዩም በጽጌ ሌሊት ቆሞ ያድራል። በሐይቅ ዳር የሚኖር ሰው ግን ከአበባውም ከእሸቱም አስቀድሞ የሚጠይቀው ነፋሱን ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ የነፋሱ ጠባይ ይለወጣልና።

በግእዝ ነፍሰ ከሚለው ከአንዱ ግሥ ነፋስም፥ ነፍስም፥ መንፈስም ይወጣሉ። ይህን የቅኔ ተማሪ ግሥ መውረድ በጀመረበት ዓመት ይማረዋል። ነገር ግን ቃሉን ማወቅ ሌላ፥ ነገሩን ማወቅ ሌላ ነው። ሦስት ተማሪዎች የነፋስንና የነፍስን ዝምድና በአንድ ቀን በአንድ ታንኳ ላይ ሆነው የተማሩበት ታሪክ እንዲህ ነው።

በ1979 ዓ.ም. በሜጫ ምድር ካለ ከአንድ የቅኔ ጉባኤ ቤት የሚማሩ ሦስት ባልንጀሮች ነበሩ። የተማሪ ልማድ ሆኖ በስማቸው ሳይሆን በአገራቸው ይጠሩ ስለ ነበር፥ አንዱ የላስታው፥ አንዱ የሸዋው፥ አንዱ የዳሞቱ ይባሉ ነበር። በአንድ ጎጆ ያድራሉ፤ ለምነው በአኩፋዳ ያመጡትንም በአንድነት ይበላሉ። የላስታው ዝምተኛና ሰውነቱ የደከመ፥ በቅኔ ግን የሚቀድመው የሌለ ነበር። የሸዋው ያላየውን ነገር ሁሉ ለማየት የሚቸኩል፥ የዳሞቱም ጉልበተኛና ሣቂታ ነበር። ሁለቱ እንደ ማንኛውም ተማሪ ደበሎ ለባሾች ሲሆኑ፥ የዳሞቱ ብቻ ጋቢ ነበረው። ይህን ጋቢ እናቱ ሁለት ክረምት ሙሉ ፈትላ፥ ለሸማኔው የሚከፈለውን ዶሮና እንቍላል ሸጣ አጠራቅማ ያሠራችለት ነበርና፥ ባጠበው ቀን እስኪደርቅ ድረስ ከአጠገቡ አይለይም ነበር።

ጥቅምት 17 ቀን ቅዱስ እስጢፋኖስ ለዲቁና የተሾመበት በዓል ነው። ሦስቱም በዓሉን በዳጋ እስጢፋኖስ ለማክበር አሳባቸውን አንድ አድርገው የኔታን ፈቃድ ጠየቁ። የኔታም ጥቂት ዝም ብለው ቆይተው፥ «ሂዱ፤ በረከት ተቀበሉ። በምድር ላይ ሳላችሁ ለእኔ እንደምትታዘዙ በባሕር ላይ ስትሆኑ ለባሕሩ ሰው ታዘዙ» አሏቸው። ወደ ዘጌ ወርደውም ለበዓሉ የሚሻገር አንድ ሽማግሌ ታንከኛ አገኙ። ሽማግሌውም ዋጋ ሳይጠይቅ፥ «ጸሎታችሁ ይበቃኛል» ብሎ ተቀበላቸው።

የጣና ታንኳ ከእንጨት የሚሠራ አይደለም። በውሃው ዳር የሚበቅለው ደንገል ታጭዶ በፀሐይ ይደርቃል፤ ከዚያም በነዶ በነዶ ተደርጎ በጥብቅ ይታሠራል። ይህን ጥበብ በተለይ የወይጦ ሰዎች ከአባት ወደ ልጅ ሲያወርዱት ኖረዋል። የደንገሉ ውስጥ እንደ ሰፍነግ የሳሳና አየር የያዘ ስለ ሆነ፥ ውሃ ቢገባበትም አይሰጥምም። ነገር ግን ውሃ እየጠጣ ይከብዳልና ከጉዞ በኋላ በዳር ቆሞ በፀሐይ መድረቅ አለበት፤ እንዲህም ተደርጎ ዕድሜው ጥቂት ወራት ብቻ ነው። ጎኑ ዝቅ ያለ፥ ሥሩም ጠፍጣፋ ነው፤ መቅዘፊያውም የቀርከሃ ዘንግ ነው። በእንዲህ ያለ ዕቃ ላይ የሚሄድ ሰው በውሃው ላይ የተቀመጠ ያህል ነው።

ሐይቁም ሊንቁት የሚገባ አይደለም። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተኛ፥ ስፋቱም 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ታላቅ ውሃ ነው። ጥልቀቱ ግን እንደ ስፋቱ አይደለም፤ እጅግ በጠለቀበት ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ነፋስ ሲነሣበት ማዕበሉ አጭርና ቍጡ ይሆናል፤ የፊተኛው ሳያልፍ የኋለኛው ይደርሳል።

ጥቅምት 16 ቀን ሌሊት ዶሮ ሳይጮኽ ተነሡ። ውሃው እንደ መስተዋት የተኛ ነበር፤ ከምድር ወደ ባሕር የሚነፍስ ቀዝቃዛ ለስላሳ ነፋስ ብቻ ከኋላቸው ይመጣ ነበር። የሸዋው ምክንያቱን ቢጠይቅ ሽማግሌው እንዲህ አለው፤ «ተሜ፥ ባሕርም እንደ ሰው ይተነፍሳል። ምድር ፈጥና ትበርዳለች፥ ፈጥናም ትሞቃለች፤ ውሃ ግን በሁለቱም ዝግ ይላል። ስለዚህ ሌሊት ነፋሱ ከምድር ወደ ባሕር፥ ቀን ከባሕር ወደ ምድር ይሄዳል። ጧት ነፋሱ ልጅ ነው፤ ከቀትር በኋላ ጎልማሳ ይሆናል። ስንመለስም እንደ ዛሬው በሌሊት እንነሣና ጎልማሳው ሳይመጣ እንገባለን።» ሦስቱም፥ «እሺ አባባ» አሉ።

ቀትር ሳይሆን ዳጋ ደረሱ፤ በዓሉንም በደስታ አከበሩ። በማግስቱ ሽማግሌው በሌሊት ታንኳውን አዘጋጅቶ ቢጠብቅ፥ የሸዋው የነገሥታቱን ዐፅም ሳላይ አልሄድም አለ። በዳጋ የዐፄ ዳዊት፥ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲለደስ ዐፅም በሣጥን ሆኖ በክብር ይጠበቃልና። ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት መነኵሴ በጸሎት ላይ ስለ ነበሩ እርሳቸው እስኪመጡ ፀሐይ ወጣች፤ ሦስት ሰዓትም አለፈ። ሽማግሌው ሰማዩን አየ እንጂ አንድ ቃል አልተናገረም። ከደሴቲቱ ሲወርዱ የሸዋው፥ «ይህን ሁሉ አገር ይዘው ነበር» ብሎ ተደነቀ። የላስታውም፥ «ለቅቀውታልም» አለው።

ከቀትር በኋላ የዘጌ ደን እንደ ጥቁር መሥመር ሆኖ በታያቸው ጊዜ፥ ከበስተ ሰሜን ነፋሱ ተነሣ። አስቀድሞ ውሃው ተጨማደደ፤ ቀጥሎም ነጭ አረፋ በማዕበሉ ራስ ላይ ይታይ ጀመር። ነፋሱ ከኋላቸው ስለ ነበር የዳሞቱ አንድ አሳብ መጣለት። ለመለወጫ ከተያዙት ዘንጎች ሁለቱን አንሥቶ የጋቢውን ጫፎች በላይ በታች አሠረባቸው። ዘንጎቹን በታንኳው መካከል ተክሎ፥ እግሮቹን በደንገሉ ላይ አጽንቶ፥ በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ጋቢው እንዳይወሰድበትም አንዱን ጫፍ ከቀኝ ክንዱ ጋራ ቋጠረው። ሽማግሌውም ቋጠሮውን ሳያይ፥ «ልጄ፥ ለጥቂት ጊዜ ይሁንልህ። ልቀቅ ባልሁህ ጊዜ ግን ልቀቅ» አለው።

ጋቢው እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ተነፋ። ያ ውሃ የጠጣ ከባድ ታንኳ እንደ ሕያው ነገር ዘለለ፤ ከፊቱ ውሃው በሁለት ተከፍሎ ይጮኽ ነበር። ሻላዎች ተነሥተው በራሳቸው ላይ አለፉ። ሽማግሌው መቅዘፉን ትቶ በዘንጉ አቅጣጫ ብቻ ይጠብቅ ጀመር። የሸዋው እያጨበጨበ ዘፈነ፤ ዝምተኛው የላስታው እንኳ በሣቅ ዕንባው ፈሰሰ። ሲያወጣና ሲያወርድ ያደረ ተማሪ ወደ ንጋት ቅኔው በአንድ ጊዜ ሞልቶ ሲመጣለት የሚሰማውን የሚያውቅ ሰው፥ የእነዚህን ልጆች ደስታ ያውቀዋል። ደክመው ሳይሆን ተሰጥቷቸው ይሄዱ ነበርና።

ተማሪዎቹ አላወቁም እንጂ ይህ ነገር በሌላው ዓለም ጨዋታ ከሆነ ቆይቶ ነበር። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1960ዎቹ በአሜሪካን አገር ሸራ ያለው የአንድ ሰው ሳንቃ ተሠርቶ ብዙ ሰው በሐይቅና በባሕር ላይ ይጫወትበት ጀመር፤ በ1984ም በሎስ አንጀለስ በተደረገው ኦሊምፒክ ከውድድሮቹ አንዱ ሆነ። የሸራው ምሰሶ እንደ መርከብ ምሰሶ በገመድ ተወጥሮ የቆመ አይደለም። ከሳንቃው ጋራ በየአቅጣጫው በሚዞር መጋጠሚያ ተያይዟል፤ ቀጥ አድርጎ የሚያቆመውም የሰው እጅ ነው። ነፋሱ ከሰውየው ኃይል በበረታ ጊዜ ሰውየው እጁን ይለቃል፤ ሸራው በውሃው ላይ ይወድቃል፤ ሳንቃውም ሩጫውን ያቆማል። እንግዲህ የጨዋታው ደኅንነት ያለው በመያዝ ብቻ ሳይሆን በመልቀቅም ነው። የዳሞቱ ግን የጋቢውን ጫፍ በክንዱ ቋጥሮ ነበር።

ወደ ዘጌ ሲቀርቡ ነፋሱ ጎልማሳ ሆነ። ታንኳው በአንድ ጎኑ ተነሣ፤ ከጎን የመጣም ማዕበል በዳር ተቀምጦ የነበረውን የላስታውን ጠርጎ ወሰደው። ዋና አያውቅም፤ የራሰው ደበሎም እንደ ድንጋይ ወደ ታች ይጐትተው ነበር። በዚያን ጊዜ ሁሉም አንድ አስፈሪ ነገር አዩ፤ ጋቢው ቆሞ ሳለ ታንኳው ከሚሰጥመው ሰው እየሸሸ ይሮጥ ነበር። ሽማግሌው፥ «ልቀቅ!» ብሎ ጮኸ። የዳሞቱም ወደ ባልንጀራው አየ፤ ወደ ጋቢውም አየ። ከዚያ በኋላ ዘንጎቹን ጣለ፤ ጋቢው ግን በክንዱ ተንጠልጥሎ ይጐትት ነበርና ቋጠሮውን በጥርሱ ፈታው። ጋቢው እንደ ነጭ ወፍ ብድግ ብሎ ሄደ፤ በሩቅም በማዕበሉ ላይ ወደቀ። ታንኳው ሩጫውን አቆመ። ሽማግሌውም ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ ኋላ መልሶ የቀርከሃውን ዘንግ ዘረጋ፤ የላስታውም ሁለተኛ ብቅ ባለ ጊዜ ጨበጠው።

በዚያች ሌሊት የዘጌ ሰዎች እሳት አንድደው አሞቋቸው፤ የቡና ገለባ ሻይም አጠጧቸው። ሌሎቹ በተኙ ጊዜ የዳሞቱ ወደ የላስታው ተጠግቶ፥ «ወንድሜ፥ አንድ ነገር ልንገርህ። ልቀቅ በተባልሁ ጊዜ አንድ እስትንፋስ ያህል ቆይቻለሁ። በዚያች እስትንፋስ ያሰብሁት አንተን አልነበረም፤ ጋቢውን ነበር» አለው። የላስታውም ብዙ ዝም ብሎ ቆየና፥ «እኔም በውሃው ውስጥ ሳለሁ ደበሎዬን አውልቄ ብጥል እንደሚቀለኝ ዐውቄ ነበር። በብርድ ምን እለብሳለሁ ብዬ አልጣልሁትም። አንተስ በመጨረሻ ለቀቅህ፤ እኔ ግን እንደ ያዝሁ ወጣሁ» ብሎ መለሰለት። ከዚያም ሁለቱ ባልደረቀው ደበሎ ሥር ተኙ።

ወደ ጉባኤ ቤታቸው በተመለሱ ጊዜ የኔታ ነገሩን ሁሉ ሰሙ። ስለ ጋቢው አንዳች አልተናገሩም። «ለባሕሩ ሰው ታዘዙ ብያችሁ ነበር፤ ሽማግሌው በሌሊት ሲጠብቃችሁ ፀሐይ ያወጣችሁበት እናንተ ናችሁ፤ ጎልማሳውን ነፋስ የጠራችሁት እናንተ ናችሁ» ብለው ሦስቱንም ስግደት አዘዟቸው። በማግስቱም በዚሁ ነገር ጉባኤ ቃና እንዲቈጥሩ አዘዙ። የላስታው በተራው ተነሥቶ ተቀኘ፤ ሰሙ ነፋስ የወሰደው ጋቢ፥ ወርቁም ነፍስ ለመዳን የምትተወው የዚህ ዓለም ክብር ነበር። የኔታ አንድ ቃል አርመው፥ «ይበል» አሉ። የዳሞቱ ግን ተነሥቶ፥ «የኔታ፥ አልመጣልኝም» አለ። የኔታም፥ «አንተ በባሕሩ ላይ ተቀኝተሃል፤ ተቀመጥ» አሉት።

በዚያ ጥቅምት ብርዱ ጽኑ ነበር። በጎጆዋ ውስጥ ለሦስት ሰው ሁለት ደበሎ ብቻ ስለ ነበረ፥ ተራ እየገቡ አንዱ በመካከል፥ ሁለቱ በዳር ያድሩ ነበር። በመካከል የሚያድረው የሚሞቀው ስለ ሆነ፥ ተራው ለደረሰው ሌሎቹ በቀልድ ጃንሆይ ይሉት ነበር።

የዳሞቱ ከብዙ ወር በኋላ አገሩ በገባ ጊዜ እናቱን ስትፈትል አገኛት። ስማው፥ አገላብጣ አይታው፥ «ጋቢህስ ወዴት ነው?» አለችው።

«እምዬ፥ ነፋስ ወሰደው» አላት፤ የሆነውንም ሁሉ ነገራት። የጠበቀው ቍጣ ወይም ልቅሶ ነበር።

እርስዋ ግን፥ «ልጁ ዳነ?» ብላ ጠየቀች።

«ዳነ።»

«እናት አለችው?»

«በላስታ አለችው።»

«እንግዲያስ ጋቢው ሥራውን ሠርቷል» አለችና እንዝርቷን አንሥታ መፍተሏን ቀጠለች።

ሕፃን ከማኅፀን የሚወጣው እጁን ጨብጦ ነውና ሰው መያዝን የሚያስተምረው አይሻም። መልቀቅን ግን አንዱ ከመምህር፥ አንዱ ከእናት፥ አንዱም ከማዕበል ይማረዋል። ነፋሱ በመጣ ጊዜ የሚይዘውንና የሚለቀውን ለይቶ እንዲያውቅ፥ እግዚአብሔር ለሰው ሁሉ ማስተዋልን ይስጥ።