የሁለት ጎማ ነገር

ርዕሱን አይታችሁ «ይህ ልጅ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ አይደለም እንዴ? ከጎማ ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ አትጠፉም። እውነታችሁን ነው። በዚች መጽሔት ላይ ስለ ፍቅር፣ ስለ ናፍቆት፣ ስለ ዶርም ትኋንና ስለ ካፌው ሽሮ ሲጻፍ እንጂ ስለ ሳይክል ሲጻፍ አላየሁም። ግን ሰው የሚጽፈው የከነከነውን ነው፤ እኔን ደግሞ ካለፈው ክረምት ጀምሮ የሚከነክነኝ ነገር ሁለት ጎማ አለው።

ነገሩን ያመጣው የጂኦግራፊ ተማሪ የሆነ ጓደኛዬ ነው። ፍላሹ ላይ ሁለት መጻሕፍት ነበሩት፤ ጆን ፑቸርና ራልፍ ቡለር የሚባሉ ምሁራን አሰናድተው አንዱን በ2012፣ ሌላውን በ2021 እ.ኤ.አ. ያሳተሟቸው። ፑቸር በአሜሪካ ሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ፕሮፌሰር ነው። የሥራ ዘመኑን ያሳለፈው የከተማ ሰው በምን እንደሚጓዝ ሲያጠና ነው፤ በእግር፣ በቢስክሌት፣ በአውቶቡስ፣ በባቡር። ይህን ዶርም ውስጥ ሳወራ ሳቅ ሆነ። «ለሳይክልም ፕሮፌሰር አለው?» አለ አንዱ። አዎን አለው። ለሚኒባስ ወረፋም ቢኖረው ደስ ባለኝ!

የእነዚህ ሰዎች ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ለምን ያንዱ አገር ሕዝብ ቢስክሌት ይነዳል፣ የሌላው አይነዳም? እኛ ብንጠየቅ መልሱ አፋችን ላይ ነው፤ «አገራቸው ሜዳ ነው፣ ባህላቸው ነው» ብለን እንገላገላለን። እነሱ ግን አገር ከአገር፣ ከተማ ከከተማ እያስተያዩ የደረሱበት ሌላ ነው። የቢስክሌት አገር የምንላት ሆላንድ እንኳ መኪና ከበዛባት ከ1950ዎቹ ጀምሮ እስከ 1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ ቢስክሌቷ እየተገፋ ነበር። በ1971 እ.ኤ.አ. በዚያች ትንሽ አገር 3,300 ያህል ሰው በመንገድ አደጋ አለቀ፤ ከዚያ ውስጥ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ወላጆች «የልጆች ግድያ ይቁም» ብለው አደባባይ ወጡ። በ1973 ደግሞ የነዳጅ ቀውስ መጣ። ከዚያ በኋላ ነው ለቢስክሌት የተለየ መንገድ መሠራት፣ በየሰፈሩ የመኪና ፍጥነት መቀነስ የጀመረው። እንግዲህ ዛሬ ባህል የምንለው ነገር ትናንት የእናቶች ለቅሶ፣ የከተማ በጀትና አስፋልት ነበር ማለት ነው።

ከሁሉ የያዘኝ የሴቶቹ ነገር ነው። ፑቸርና ቡለር እንደሚያሳዩት በሆላንድ ከቢስክሌት ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሴቶች ነው፤ በአሜሪካ ግን ሩብ ገደማ ብቻ። ሴቷ፣ ሽማግሌውና ልጁ ሲነዱ ያየህ እንደሆነ መንገዱ ደኅና ነው ማለት ነው። ጎረምሳ ብቻ ከነዳ ግን መንገዱ የጀግና መንገድ ነው። ጀግንነት ለፉከራ ጥሩ ነው፤ ለትምህርት ቤት ጉዞ ግን ምን ያደርጋል?

«ይህ የፈረንጅ ተረት ነው» የሚል ካለ ባሕር ዳርን ያስብ። በ1961 እ.ኤ.አ. የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ፣ በ1963 ፖሊ ቴክኒኩ ተከፈቱ። አጎቴ በወጣትነቱ እዚያ ስለ ኖረ ሲያወራ አይጠግብም፤ ፈረቃ ሲለወጥ መንገዱ በሳይክል ጥቅጥቅ ይላል፣ ሴቶቹም ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ዘምቢላቸውን ማኑብሪዮው ላይ አንጠልጥለው ይነዳሉ፣ ማንም ዞር ብሎ አያይም ይላል። ማንም ዞር ብሎ አለማየቱ ነው እኔን የገረመኝ። በኋላ ባጃጁ መጣና ሳይክሉን ወደ ዳር ገፋው። ደግሞ ባጃጅን አልሰድብም፤ ስንቱን ሥራ ፈት ጎረምሳ እንጀራ አብልቷል። ግን ባጃጅ ነዳጅ ይጠጣል፤ በ2017 ዓ.ም. ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ሲያልፍ የማን ኪስ እንደ ተቀደደ ሁላችንም እናውቃለን።

ወደ አዊ እንምጣ። እኛ ባሕር ዳር አይደለንም። እንጅባራ ከ2,500 ሜትር ከፍታ በላይ ተሰቅላ ክረምቱን በዝናብና በጉም ትከርማለች፤ ዳገቱም ቀልድ አያውቅም። ዳንግላ ዝቅ ትላለች፣ ሜዳም አላት። በሁለቱ መካከል በአዲስ ቅዳም በኩል 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግራና ቀኙ ዲከረንስ ነው፤ በየመንገዱ ዳር የከሰል ጆንያ ተደርድሮ ጭነት መኪና ይጠብቃል። ይህን መንገድ በየሳምንቱ በሳይክል ተመላለሱ የሚል ሰው ቢመጣ እኔ ራሴ አማኑኤል ሆስፒታል እወስደዋለሁ። ለዚህ ሚኒባስና አውቶቡስ አለ፤ መሆን ያለበትም እሱ ነው።

ታዲያ ሳይክል የት ይገባል? እዚህ ላይ ነው የምሁራኑ ሥራ ዐይን የሚገልጠው። ሳይክልና አውቶቡስ ባላንጣዎች አይደሉም፤ አንዱ የሌላውን ጎዶሎ ይሞላል። ረጅሙን መንገድ አውቶቡሱ ይወስደዋል፤ ከቤት እስከ መናኸሪያ ያለውን ደግሞ ሳይክሉ። በሆላንድ ዩትሬክት በምትባል ከተማ ከባቡር ጣቢያው ሥር 12,500 ቢስክሌት የሚያቆም ጋራዥ አለ፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ነው ሥራው የተጠናቀቀው። እኛ 12,500 ይቅርብን። እግሬ በረገጠበት መናኸሪያ ሁሉ ግን አንዲት ሳይክል በሰንሰለት የምትታሰርበት ብረት አላየሁም። ሳይክል ይዞ የመጣ ገበሬ ያለው ምርጫ ወይ ለሻይ ቤቷ ባለቤት አደራ መስጠት ነው፣ ወይ ከረዳቱ ጋር ተጨቃጭቆ ጣራ ላይ ማስጫን ነው።

አገራችን ስለዚህ ጉዳይ ምንም አላሰበችም ማለት አይደለም። ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት ከ2020 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ አገራዊ ስትራቴጂ ወጥቷል። አዲስ አበባም በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ አንዳንድ ጎዳናዎች ለእግረኛና ለቢስክሌት ክፍት የሆኑበት ቀን ተጀመረ፤ በኋላም በኮሪደር ልማቱ የቢስክሌት መስመር ተቀባ። ደግ ነው። ግን ስትራቴጂ አዲስ አበባ ላይ ሲጻፍ እኛ ጋ እስኪደርስ በእግሩ ነው መሰል የሚመጣው።

አሁን ወደ ከነከነኝ ነገር ልግባ። የእኛ ቤት ከዳንግላ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ ነው። ታናሽ እህቴ ስምንተኛን ጨርሳለች፤ ዘጠነኛ ያለው ከተማ ነው። በእግር መሄጃው ሁለት ሰዓት፣ መመለሻው ሁለት ሰዓት። ሌላው መንገድ እኔ የተማርኩበት ነው፤ ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ እሑድ እሑድ ስንቅ ተሸክሞ መግባት። ለወንድ ልጅ ይሄ ችግር ነው፤ ለዐሥራ አምስት ዓመት ልጃገረድ ግን አደጋ ነው። ስንቶቹ ከዚያች ክፍል ትምህርታቸውን ትተው እንደ ወጡ ከገጠር የመጣችሁ ሁሉ ታውቃላችሁ። ቤተሰቡ ያለው ሦስተኛ ምርጫ ማስቀረት ነው።

እኔ ክረምት ላይ «ሳይክል እንግዛላት» አልኩ። ጠጠሩም ቢሆን ከሰዓት በታች ያስገባታል።

አባቴ ፈረሰኛ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አባል ነው፤ ጥር 23 ሲደርስ ፈረሱን ሸልሞ እንጅባራ የሚወርድ ሰው። እኔ የጠበቅሁት «ሴት ልጅ ሳይክል ላይ?» ይላል ብዬ ነበር። እሱ ግን ዝም ብሎ ቆየና «ፈረስ መኪና ሲያይ ራሱ ይሸሻል። ብረቱ ግን አይሸሽም» አለ። ወደ ከተማ ሲቃረብ ያለውን የመጨረሻውን ሦስት ኪሎ ሜትር ዋናውን አስፋልት ማለቱ ነው፤ ሲኖትራኩና የከሰሉ መኪና የሚበርበትን፣ እግረኛው፣ አህያውና ጋሪው አንድ ላይ የሚጋፉበትን።

እናቴ ምድጃው አጠገብ ሆና ሰምታ ኖሯል። «አሁንስ በእግሯ ስትሄድ መኪናው ያውቃታል?» አለች።

ወገኖቼ፣ ክርክሩ ይኸው ነው፤ በሁለት ዐረፍተ ነገር አለቀ። ፑቸርና ቡለር በወፍራም መጽሐፍ ያሉትን አባቴ ሳያነብ ነገረኝ፤ ሰው ቢስክሌት የማይነዳው ስለ ጠላ አይደለም፣ ስለ ፈራ ነው። የእናቴም መልስ ልክ ነው፤ ያው መንገድ እግረኛውንም አይምርም።

ለአባቴ የምመልሰው ባጣ ወደ ንባብ ተመለስኩና ሌላ ጥናት አገኘሁ። በህንድ ቢሃር በሚባለው ክፍለ አገር መንግሥት ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዘጠነኛ ክፍል ለሚገቡ ልጃገረዶች ለሳይክል መግዣ ገንዘብ ሰጠ። ካርቲክ ሙራሊዳራንና ኒሺት ፕራካሽ የተባሉ ተመራማሪዎች ሴቶቹን ከወንዶቹ፣ ቢሃርን ደግሞ ከጎረቤቷ ከጃርካንድ ጋር አስተያይተው በ2017 ውጤቱን አሳተሙ። ሁለተኛ ደረጃ የሚገቡት ልጃገረዶች በ32 በመቶ ጨመሩ፤ በወንድና በሴት መካከል ያለው ልዩነት በ40 በመቶ ጠበበ። ለውጡ የበዛው ደግሞ ትምህርት ቤቱ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ በራቀበት መንደር ነው። የእኛ 8 ነው!

ይህን ለአባቴ በስልክ ነገርኩት። «ህንዶቹ ሲኖትራክ የላቸውም?» አለኝ። አላቸው አልኩት። ልጃገረዶቹ ብዙ ሆነው አብረው ይነዳሉ፤ አንዷን ብቻዋን ያላየ ሹፌር ሃያውን ያያል አልኩት። «አስብበታለሁ» አለ። አባቴ «አስብበታለሁ» ካለ እምቢ አላለም ማለት ነው፤ ግን እሺም አላለም።

መቶ ዓመት ገደማ ሆነው፤ ቺዝማን የሚባል እንግሊዛዊ ዳንግላ ላይ ቆንስል ሆኖ ተቀምጦ ዐባይን ለማጥናት አገራችንን በበቅሎ ያካለለበት ጊዜ። ውኃውን ለክቶ፣ ገደሉን ጽፎ ሄደ። የእኛ ልጆች በእግራቸው ስንት እንደሚሄዱ ግን አሁንም የሚለካ ያስፈልጋል። ጂኦግራፊዎች፣ ሲቪሎች፣ ለመመረቂያ ርዕስ ያጣችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ አንድ የገበያ ቀን ዳንግላ መግቢያ ላይ ደብተር ይዛችሁ ቁሙ። ማን በእግሩ፣ ማን በጋሪ፣ ማን በባጃጅ እንደ ገባ ቁጠሩ፤ ሴቶቹን ለይታችሁ ቁጠሩ። ያልተቆጠረ ሰው የመንገድ ዳር አይሠራለትም።

የእህቴ ነገር ገና አልተቆረጠም፤ ምዝገባው ግን ቀኑ ደርሷል። ስለዚህ ያገለገለ ሳይክል የሚሸጥ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። ካቴናው ቢዝግ ግድ የለም፣ ካላማዳሪውም ቢለጠፍ ጎሚስታ አለ። ፍሬኑ ብቻ በደንብ የሚይዝ ይሁን፤ አባቴ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነውና።