ውሉ የጠፋ ልቃቂት

ለዒድ ከደሴ ወደ ከሚሴ ወርጄ ነበር። ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ሰባተኛ ክፍል የምትማረው የእህቴ ልጅ የእንግሊዝኛ ደብተሯን ይዛ አጠገቤ ቁጭ አለች። በዓሉ እንዳለፈ ፈተና አላቸው። የሚያነቡት የወንጀል ምርመራ ታሪክ ነው፤ ሃያ ቃላት ከነትርጉማቸው ተሰጥቷቸዋል።

«አጎቴ፣ 'ጭሉኤ' ማለት ምንድን ነው?»

ግራ ገባኝና ደብተሩን ተቀበልኳት። 'ክሉ' ነው የሚለው፤ ፍንጭ ማለት ነው። ቀጥሎ ያለውን 'ሱስፔጭት' ብላ አነበበችው። 'ሰስፔክት' ነው። ሳቄ አመለጠኝ። ሳቄን ሳልጨርስ ግን አፈርኩ፤ ልጅቷ ያነበበችው በተማረችው መሠረት ነበርና።

ይህች ልጅ ትምህርቷን የምትማረው በአፋን ኦሮሞ ነው። እንግሊዞች 'ሲ' የሚሉት ፊደል በቁቤ፣ ማለትም በአፋን ኦሮሞ የላቲን ፊደል፣ 'ጭ' ነው፤ 'ኤክስ' የሚሉት ደግሞ 'ጥ'። የራሳችን የደዋ ጨፋ ወረዳ ስም በቁቤ ሲጻፍ 'ጨ'ን የሚይዘው ያው 'ሲ' ነው። ቁቤ በ1984 ዓ.ም. የአፋን ኦሮሞ መጻፊያ እንዲሆን ከተወሰነ ወዲህ ያደገ ልጅ ፊደሉን በዚህ ድምፅ ነው የሚያውቀው። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ የግእዝ ፊደል፣ ቁርኣን ስትቀራ የዐረብ ፊደል ታነባለች። እንግሊዝኛ ሲመጣ ግን የለመደችው ፊደል ድምፁን ቀይሮ ይጠብቃታል፤ ይህንን ደግሞ ቁጭ ብሎ የነገራት የለም። በአሥራ ሦስት ዓመቷ ሦስት ዓይነት ፊደል የምታነብን ልጅ «እንግሊዝኛ አይገባትም» ማለት ግፍ ነው።

እኔም እንግሊዝኛን የተማርኩት እንደዚሁ የቃላት ዝርዝር እየተሰጠኝ ነው። መምህራችን ሰሌዳውን በቃላት ሞልተው፣ ትርጉሙን ከጎን ጽፈው፣ «ሸምድዱ» ብለው ይወጡ ነበር። ሸመደድን፣ ተፈተንን፣ ረሳን።

እናቴ ጥግ ላይ ጥጥ ትፈትል ነበር፤ እንዝርቷ አያርፍም። ድንገት 'ክሉ' የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ትዝ አለኝ። በድሮ እንግሊዝኛ ቃሉ የክር ልቃቂት ማለት ነበር። በግሪኮች ተረት ቴሴዎስ የሚባለው ጀግና ገብቶ የወጣ ወደሌለበት ጥምዝምዝ ቤት ሲሄድ አሪያድኔ የምትባል ልጅ ልቃቂት ሰጠችው። ክሩን እየፈታ ገባ፤ ውስጡ የነበረውን አውሬ ገድሎ ያንኑ ክር ተከትሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ወደ እውነት የሚመራ ትንሽ ነገር ሁሉ በዚህ ስም ይጠራ ጀመር።

ይህን ስነግራት እናቴ ቀና አለች። «ይሄማ ውል ነው» አለች። «ውሉ ከጠፋሽ ልቃቂቱን አትጎትቺ። ስትጎትቺው ይብሱን ይተበተባል። ቀስ ብለሽ ጫፉን ፈልጊ።»

ልጅቷ ደብተሯ ላይ 'ክሉ' ከሚለው ጎን «የአያቴ ክር» ብላ ጻፈች። ያቺን ቃል የምትረሳት አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ጨዋታው ደራ። 'ሚስትሪ' እና የእኛው 'ምስጢር' ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም ከአንድ የግሪክ ቃል የወረዱ ናቸው፤ የእኛው በግእዝ በኩል መጣ። 'ሰስፔንስ' የሚለውን ስትጠይቀኝ ደግሞ ሥሩ በላቲን መስቀል፣ ማንጠልጠል ማለት ነው አልኳት። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ መምህራን ይህንኑ ነገር ምን እንደሚሉት ታውቃላችሁ? ልብ ሰቀላ። 'ሴቲንግ' መቼት ነው፤ መቼና የት ተጋብተው የወለዱት ቃል። ገና ያልሆነውን ቀድሞ በጨረፍታ መጠቆም ደግሞ ንግር ይባላል፤ «ንግርት አለ» ሲባል ሰምታ ለምታውቅ ልጅ አዲስ አይደለም።

አንድ ቦታ ላይ ግን ተደናቀፍን። 'ፕሎት' በአማርኛ ሴራ ነው ስላት ሳቀች። በአፋን ኦሮሞ ሴራ ማለት ሕግ ነው! አማርኛው ሸርም የታሪክ አወቃቀርም ያደርገዋል፤ እንግሊዝኛውም እንዲሁ። ሰፈሯ ውስጥ ግን ያው ድምፅ ሕግና ደንብ ነው። እንዲህ ያለው መደናቀፍ ከመዝገበ ቃላት አይገኝም፤ ሁለት ቋንቋ በሚነገርበት ቤት ቁጭ ሲሉ ነው የሚገኘው።

'አሊባይ' ወንጀሉ ሲፈጸም ሌላ ቦታ ነበርኩ ብሎ ማስረዳት ነው፤ ቃሉም በላቲን «ሌላ ቦታ» ማለት ነው። ምሳሌ አምጪ አልኳት። አላሰበችም፤ «ላሟ ሰኞ ከጠፋች፣ እኔ ሰኞ ባቲ ገበያ ነበርኩ» አለች። በባቲ የሰኞ ገበያ ስንት ሰው እንደሚያይህ የሚያውቅ ሰው ከዚህ የተሻለ አሊባይ አያመጣም።

ከዚያ የሼርሎክ ሆልምስን አንድ ታሪክ ነገርኳት። እ.ኤ.አ. በ1892 የወጣ ነው። ስመ ጥር የውድድር ፈረስ በሌሊት ከጋጣው ተወሰደ። ጋጣው ውሻ ነበረው፤ ውሻው ግን አልጮኸም። ሆልምስ ውሉን ያገኘው እዚህ ላይ ነው። «ለምን አልጮኸም?» አልኳት። ዐረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ «ሌባውን ያውቀዋላ!» አለች። ከብት ባለበት አገር ያደገ ልጅ ይህን ለመረዳት መርማሪ መሆን አያስፈልገውም። ለካ የቸገራት ስሙ ብቻ ነበር፤ ነገሩን ቀድሞውንም ታውቀዋለች።

አማርኛም በዚህ መንገድ አልሰነፈም። ይልማ ሀብተየስ የወንጀል ምርመራ ልቦለድን በአማርኛ ያስለመደ ደራሲ ነው፤ የወሎው ማሞ ውድነህም የስለላ መጻሕፍትን እየተረጎመ የአንድ ትውልድ እንቅልፍ ነስቷል። ከእነሱ በፊት ደግሞ እንቆቅልሽ አለ። «እንቆቅልሽ»፣ «ምን አውቅልህ» በመባባል ይጀመራል፤ ፍንጭ ይሰጣል፤ የተሳሳተ ግምት ይመጣል፤ ያቃተው አገር ይሰጣል፤ መልሱ ይገለጣል። የምርመራ ልቦለድ አካሄድ ከዚህ በምን ይለያል?

የሳሎኑ ሳቅ ያቆመው 'ሰስፔክት' ላይ ተመልሰን ስንመጣ ነው።

«ሌባው ማለት ነው?» አለችኝ።

አይደለም፤ ተጠርጣሪ ነው።

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

መልሱን ከሩቅ ጀመርኩላት። በቀድሞው ዘመን አውጫጭኝ የሚባል ሥርዓት ነበር። ከብት ሲጠፋ ወይም ሰው ሲገደል የአካባቢው ሰው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ አይበተንም። ምስክሩ ማንነቱ እንዳይታወቅ በምስጢር ይናገራል፤ «ወፍ ነገረችኝ» የሚለውን አባባል የሚያስታውስ አሠራር ነው። ማውጣት የሚለው ቃል ስሙ ውስጥ አለ፤ የእንግሊዝኛው 'ዲቴክቲቭ'ም ከላቲን ሥሩ ክዳን መግለጥ ነው። በብልሃቱ እደነቃለሁ። ግን ቂም የያዘ ሰው በወፍ ስም ንጹሑን ቢጠቁምስ? «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» እንላለን፤ ደግ ብለናል። ነገር ግን ጥርጣሬው የሚነግረን ገንፎውን ቀስ ብለን እንድናኝክ ነው፤ ድስቱን እንድንደፋ አይደለም።

ይህንን ለእሷ ስነግራት የማስበው ስለ ፈተናው አልነበረም። ባለፉት ዓመታት ከደሴ ወደ ከሚሴ በሚወስደው በዚህ መንገድ ላይ ስንት ጊዜ ወሬ ከማስረጃ ቀድሞ ሮጠ? ስንት ሰው በአንድ ፎቶና በአንድ መስመር ጽሑፍ ጥፋተኛ ተባለ? ስንቱ ሰፈር፣ ስንቱ ቋንቋ ተናጋሪ በጅምላ ተጠረጠረ? እኔም ሳላጣራ ያጋራሁት ነገር አለኝ። በተጠርጣሪና በጥፋተኛ፣ በፍንጭና በማስረጃ መካከል ያለውን ልዩነት በሰባተኛ ክፍል በደንብ የተማረ ልጅ በሃያ ዓመቱ ስልኩን ሲይዝ ጥቂት ይዘገያል ብዬ አምናለሁ። የምርመራ ታሪክ አንባቢ መጀመሪያ የተጠረጠረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው እንዳልሆነ ያውቃል፤ እስከ መጨረሻው ገጽ መታገሥን ለምዷል።

የእናቴ ምክር ለክርም ለሰውም ይሠራል፤ ውሉን ሳታገኝ አትጎትት።

መምህራን ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሃያውን ቃል ሰሌዳ ላይ ከመጻፋችሁ በፊት ልጆቹ ነገሩን በየቤታቸው ምን እንደሚሉት ጠይቋቸው። ቁቤ ያነበበውን ልጅ 'ጭሉኤ' ሲል አትሳቁበት፤ እኔ ስቄ አፍሬያለሁ። ወላጆች ደግሞ እንግሊዝኛ አላውቅም ብላችሁ ከደብተሩ አትሽሹ። ዛሬ ማታ ከልጃችሁ ደብተር አንድ ቃል ምረጡና አያቷን ጠይቁ።