በጾም አፍ የተሠራ ሥራ



ረመዳን በገባ ቁጥር በየቤታችን የምንሰማት አንዲት ቃል አለች። ልጁን «ሂድና ዳቦ ግዛ» ቢሉት «ጾም ይዣለሁ» ይላል። ተማሪው ለምን እንዳላጠና ሲጠየቅ «ጾም ነበር» ይላል። ሠራተኛው አርፍዶ ቢሮ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ሲያንቀላፋ ምክንያቱ ያቺው ቃል ናት። እናቶቻችንም በእዝነት «ተዉት፣ ጾመኛ ነው» ይላሉ። አላህ እዝነታቸውን ይቀበላቸው። ነገር ግን ቃሏ ስትደጋገም፣ ጾማችንን ከውጭ ለሚመለከተው ጎረቤት ምን ትነግረዋለች? እስልምና ሰውን ያሰንፋል፣ ከሥራም ያስቀራል ብላ አትመሰክርብንምን?

ይህ ጥያቄ በተነሳ ቁጥር እኛ በወጣትነታችን የሰማነው አንድ የስፖርት ዘመን ትዝ ይለናል። ጊዜው 1987 ዓ.ም. ነበር። በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ በኤን.ቢ.ኤ.፣ የሂዩስተን ሮኬትስ ቡድን ማንም ያልጠበቀውን ዋንጫ ያነሳበት ዓመት ነው። የቡድኑ ምሰሶ ደግሞ ሐኪም ኦላጁዎን የሚባል ሙስሊም ነበር። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሐኪም በ1963 በናይጄሪያ፣ በሌጎስ ከተማ ተወለደ። በልጅነቱ እግር ኳስና የእጅ ኳስ ነበር የሚጫወተው፤ ቅርጫት ኳስን የያዘው ዘግይቶ ነው። በ1980 ለትምህርት ወደ ሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ ሄደ፤ በ1984 ሮኬትስ ከተመራጮች ሁሉ አስቀድሞ ወሰደው። መጀመሪያ ስሙ «አኪም» ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ በ1991 ግን በትክክለኛ አጻጻፉ «ሐኪም» ይባል ዘንድ አሳወቀ። እኛ በአማርኛ ሐኪም ስንል መድኃኒት የሚያዝልን ሰው ትዝ ይለናል፤ በዐረብኛ ግን ጥበበኛ ማለት ነው። በ1994 ቡድኑ ኒውዮርክን 4 ለ 3 አሸንፎ የመጀመሪያ ዋንጫውን ሲያነሳ፣ የዓመቱ ኮከብ ተጫዋችም እርሱ ነበር።

ቀጣዩ ዓመት ግን እንደ ፊተኛው አልሆነም። ሻምፒዮኑ ቡድን ይሸነፍ ጀመር፤ ብዙዎችም ያለፈው ዓመት ድል በአጋጣሚ የተገኘ ነው ማለት ጀመሩ። በፌብሩዋሪ ወር አጋማሽ፣ በ14ኛው ቀን፣ ሮኬትስ ጠንካራውን ኦቲስ ቶርፕን ለፖርትላንድ ሰጥቶ በምትኩ ክላይድ ድሬክስለርን አመጣ። ድሬክስለር የሂዩስተን ልጅ፣ የሐኪምም የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ ነው። ቢሆንም በዘመኑ መካከል ቡድንን አፍርሶ መሥራት ከባድ ነገር ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ! በዚያ ዓመት ረመዳን የገባው በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ነበር። ቡድኑ በሚናወጥበት በዚያ ወር ሐኪም ጾመኛ ነበር። ከንጋት በፊት ተነስቶ ተምርና ውሃ ይወስዳል፤ ከዚያ እስከ መግሪብ ምንም የለም። የማታ ጨዋታ ሲሆን ብዙ ጊዜ አፍጥሮ ይገባል፤ የቀን ጨዋታ ሲሆን ግን ጓደኞቹ በእረፍት ሰዓት ውሃ ሲጎነጩ እርሱ በጾሙ ነው። ታዲያ ወሩ ሲያበቃ ምን ሆነ? የሊጉ የፌብሩዋሪ ወር ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የተመረጠው ያው ጾመኛው ሐኪም ሆነ!

ይህን ስንል ጾም ለስፖርተኛ ሁሉ ቀላል ነው ማለታችን አይደለም። ለመንገደኛና ለታመመ ሰው አላህ ፈቃድ ሰጥቷል፤ ፈቃዱን የሚጠቀም አይወቀስም። ሐኪምም ከብረት የተሠራ ሰው አልነበረም። ረመዳን ካለፈ በኋላ በደም ማነስ ታሞ ከበርካታ ጨዋታዎች ቀርቷል። ቡድኑም 47 ጨዋታ አሸንፎ፣ 35 ተሸንፎ፣ በምዕራቡ ምድብ ስድስተኛ ሆኖ ጨረሰ። ከዚያ በፊት ከስድስተኛ ደረጃ ተነስቶ ዋንጫ የወሰደ ቡድን አልነበረም።

በመጀመሪያ የገጠማቸው 60 ጨዋታ ያሸነፈው ዩታ ነበር። ዩታ ሮኬትስን 2 ለ 1 መራው። በአራተኛው ጨዋታ ድሬክስለር 41፣ ሐኪም 40 ነጥብ አስቆጠሩ፤ አምስተኛውንም በዩታ ሜዳ አሸንፈው አለፉ። ቀጥሎ 59 ያሸነፈው ፊኒክስ መጣ። እርሱም 3 ለ 1 መራቸው። አንድ ሽንፈት ብቻ ቀርቷቸው ሳለ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ አሸነፉ። የመጨረሻውን 115 ለ 114 ያሸነፉት፣ ሰባት ሰከንድ ያህል ሲቀር ማሪዮ ኤሊ ከጥግ ባስገባት ባለ ሦስት ነጥብ ኳስ ነው።

ሦስተኛው ሳን አንቶኒዮ 62 ጨዋታ ያሸነፈ፣ ዴቪድ ሮቢንሰን ያለበት ቡድን ነው። የዓመቱ ኮከብነት ሽልማት ለሮቢንሰን የተሰጠው በዚሁ ግጥሚያ መካከል፣ ሐኪም እያየ ነበር። ሐኪም መልሱን በኳስ ሰጠ፤ በስድስቱ ጨዋታዎች በአማካይ ከ35 ነጥብ በላይ አስቆጥሮ ቡድኑን 4 ለ 2 አሳለፈ። በፍጻሜው ወጣቱ ሻኪል ኦኒል ያለበት ኦርላንዶ ጠበቃቸው። በመጀመሪያው ጨዋታ በ20 ነጥብ ተመርተው ነበር። የኦርላንዶ ተጫዋች በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች አራት ነፃ ውርወራ በተከታታይ ሲስት፣ ኬኒ ስሚዝ አቻ አደረጋቸው፤ በጭማሪው ሰዓት ማብቂያ ሐኪም የተመለሰችውን ኳስ በጣቱ ገፍቶ አስገባና 120 ለ 118 ሆነ። ከዚያ በኋላ ኦርላንዶ አልተነሳም፤ 4 ለ 0 ተጠናቀቀ።

አንዳንድ ወንድሞች ይህን ሲሰሙ «ስለ ጾመ አሸነፈ» ይላሉ። እኛ እንዲህ አንልም። ድሬክስለርም፣ ኤሊም፣ ስሚዝም፣ አሠልጣኙ ሩዲ ቶምጃኖቪችም ሙስሊሞች አይደሉም፤ ድሉ የሁሉም ነው። የዱንያን ዋንጫ አላህ ለሚያምነውም ለማያምነውም ይሰጣል። የኢባዳ ምንዳ በነጥብ አይለካም፤ ሐኪም ቢሸነፍም ኖሮ ጾሙ ጾም ነበር።

እኛን የሚያስተምረን ሌላው ነገር ነው። በሜዳው ላይ የጾመኛ ኳስ ተብላ ሁለቷ ነጥብ ሦስት አትቆጠርም። ዳኛውም፣ ተጋጣሚውም አያዝንለትም። ሐኪም ኢባዳውን ለሥራው ብሎ አልተወም፤ ሥራውንም በኢባዳው አላሳበበም። ሁለቱን በአንድ ቀን ተሸከማቸው። ጾሙን ያላወቁ ብዙ አሜሪካውያን ስለ ረመዳን የጠየቁት በሥራው ጥራት ምክንያት ነው።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ! ሱሑርን አትዝለሉ፤ ከተራዊሕ በኋላ በወሬ አታምሹ፤ ከባዱን ጥናት አእምሮ ንቁ በሆነበት በማለዳው ጨርሱት። ወላጆች ሆይ! ጾመኛ ልጃችሁን ከአቅሙ በላይ አትዘዙት፤ ከሥራ ሁሉ ግን አታስቀሩት፤ ጾሙን እየጠበቀ ግዴታውን መወጣትን ከእናንተ ይማር። በሚመጣው ረመዳን «ጾም ይዣለሁ» የምትለው ቃል ከሰበብነት ወጥታ፣ «ጾም ይዣለሁ፣ ሥራዬንም ጨርሻለሁ» የምትባል ትሁንልን።

አላህ ጾማችንንም ሥራችንንም ይቀበለን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።