ማርሹ እምቢ ያለ እንደ ሆነ

ከሞጣ እስከ ቢቸና አሮጌ መኪና ይዞ የሚመላለስ ሰው ሁሉ አንድ ፍርድ ሳይሰማ አይቀርም፤ ይኸውም «ካምቢዮው ሞቷል» የሚለው ነው። ማርሹ ጥርሱን ያፋጨ እንደ ሆነ ካምቢዮው ሞቷል፤ ዘንጉ ቦታውን ያጣ እንደ ሆነ ካምቢዮው ሞቷል፤ በማለዳ ብርድ አልገባም ያለ እንደ ሆነም ያው ካምቢዮው ሞቷል። በሽተኛው የት ላይ እንደሚያመው ሳይጠየቅ ይገነዛል። ማርሽ፥ ካምቢዮ፥ ፍሪሲዮን፥ ፍሬን፥ ዳዶ የምንላቸውን ቃላት ከጣልያንኛ ተቀብለን የራሳችን አድርገናቸዋል፤ ዕቃዎቹን ተራ በተራ የመመርመሩን ልማድ ግን እንደ ቃላቱ አላዘወተርነውም።

ይህን የምንጽፈው በአንድ የሽያጭ ውል ላይ ስማችን የሰፈረ መምህራን ነን። በቁጥር ሦስት ስንሆን ሁለታችን በሞጣ፥ አንዱ በቢቸና እናስተምራለን። መኪናችን ጀርባዋ እንደ ኤሊ የጎበጠ አሮጌ ቮልስዋገን ናት። እኅቶቿ ከ21 ሚሊዮን በላይ ሆነው በዓለም ተሠራጭተዋል፤ የመጨረሻዪቱም እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ ተሠርታ ነገሩ አበቃ። ፖርሽ 356 የተባለችው የስፖርት መኪናም እ.ኤ.አ. በ1948 ስትወለድ ብዙ ዕቃዋን የወሰደችው ከዚችው ከቮልስዋገን ነበር። ስለዚህ የእኛይቱ አዝግማ ዳገት ስትወጣ በዘመዷ መኩራቷን አንነፍጋትም።

ለማርሽ ሕመም የመጀመሪያው ጥያቄ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ማርሹ ይገባልን? የሚለው ነው። ሞተሩ ሲጠፋ በሰላም የሚገባ፥ ሞተሩ ሲነሣ ግን የሚያፋጭ ከሆነ፥ በደለኛው ካምቢዮው ሳይሆን ፍሪሲዮኑ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። የፍሪሲዮን ሥራ ሞተሩንና ካምቢዮውን ለጊዜው ማለያየት ነውና፥ በሚገባ ካላለያየ የሚሽከረከር ጥርስ ከቆመ ጥርስ ጋር ይጋጫል። ከሁሉ ይልቅ የታመነው ምስክር የኋላ ማርሽ ነው። የወደፊት ማርሾች ፍጥነታቸውን የሚያስተካክል የነሐስ ቀለበት፥ ሲንክሮናይዘር የሚባለው፥ አላቸው፤ ከ1961 ሞዴል ወዲህ በመጡት የኤክስፖርት ቮልስዋገኖች አንደኛውም ማርሽ ሳይቀር ይህን አግኝቷል። የኋላ ማርሽ ግን የለውም። መኪናዪቱ ቆማ ሞተሩ በዝግታ እየሠራ ሳለ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ረግጠን፥ ጥቂት ቆጥረን፥ የኋላ ማርሽ ስናስገባ አሁንም የሚጮኽ ከሆነ፥ ፍሪሲዮኑ አልለቀቀም።

የእኛይቱ ሕመም መጀመሪያ ይህ ነበር። መኪናዪቱን ያየው ባለሙያ ካምቢዮው ይውረድ አለ። በዚች መኪና ደግሞ ሞተሩ ከኋላ፥ ካምቢዮውም ከሞተሩ ፊት ስለ ሆነ፥ ሞተሩ ሳይወርድ ካምቢዮው አይወርድም፤ የተጠየቅነውም ክፍያ ከአንድ መምህር የወር ደመወዝ የሚበልጥ ነበር። እኛ ግን ከሥሯ ተጋደምን። የፍሪሲዮን ሽቦ ከፔዳሉ ተነሥቶ በመካከለኛው ቦይ ውስጥ አልፎ በስተኋላ ባለ ክንፍ በሆነ ዳዶ ይታሰራል። ፔዳሉ ሥራ ሳይጀምር የሚሄደው ባዶ ርቀት ከአንድ እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር መሆን ሲገባው የእኛው አንድ ስንዝር ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሽቦውን ብንመለከት ከክሮቹ እኩሌታው ተበጥሷል። አዲሱ ሽቦ ከባሕር ዳር በአውቶቡስ ረዳት እጅ መጣልን፤ ማርሾቹም ዝም አሉ።

ከጥቂት ወራት በኋላ የማርሹ ዘንግ በድስት ውስጥ እንዳለ ማማሰያ ወዲያና ወዲህ ይዋልል ጀመር፤ ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን ሁለተኛን ማግኘት ጭንቅ ሆነ። ይህ ከፍሪሲዮኑ የመጣ እንዳልሆነ ጥያቄው ራሱ ይነግረናል። ከኋላ መቀመጫ ሥር ባለችው ትንሽ ክዳን ስንከፍት የዘንጉ መገጣጠሚያ ጎሚኒ ተፈርፍሮ አገኘነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ ተለወጠ።

ሦስተኛው ሕመም ግን እንዲህ የዋዛ አልነበረም። ቁልቁለት ላይ እግራችንን ከቤንዚን ፔዳል ስናነሣ ሁለተኛው ማርሽ በራሱ ይወጣ ጀመር። ዳገት ላይ አይወጣም ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ጎማውን ይነዳል፥ ቁልቁለት ላይ ጎማው ሞተሩን ይነዳል፤ ያን ጊዜ ግፊቱ በጥርሱ ሌላ ገጽ ላይ ያርፍና ገጹ ያለቀ ጥርስ ተንሸራቶ ይወጣል። መገጣጠሚያውን፥ ካምቢዮውን የተሸከሙትንም ጎማዎች አየን፤ ደኅና ነበሩ።

በዚሁ ሰሞን የቢቸናው ባልደረባችን እናት በአዲስ አበባ የዐይን ሕክምና ቀጠሮ ደረሰ። እርሱም በመኪናችን ሊወስዳቸው ቆረጠ። «ማርሹን በከመነዳሪ አስሬ እወርዳለሁ» አለን። እኛ ሁለታችን እምቢ አልን። ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከአንድ ሺህ ሜትር የበለጠ ጥልቀት አለው። እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን ርዳታ የተሠራው ድልድይ ወንዙን ያሻግራል እንጂ ገደሉን አያሳጥርም። በዚያ ስፍራ ዝቅተኛው ማርሽ ራሱ ፍሬን ነው፤ እርሱ ከወጣ ሸክሙ ሁሉ በእግር ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፥ ፍሬኑም ሲግል ይከዳል። ባልደረባችን «እናቴ የእናንተም እናት መስለውኝ ነበር» ብሎ ተቀየመን። ነገሩን የቈረጡት እናቲቱ ናቸው፤ «ልጆቼ፥ እናንተ ስትከራከሩ ቀጠሮዬ ያልፋል፤ በአውቶቡሱ ስደዱኝ» አሉ።

በዚህ ጊዜ ካምቢዮው በእውነት ወረደ፤ ወጪውንም ለሦስት ተካፈልነው። የሁለተኛው ማርሽ ጥርሶች ጫፋቸው እንደ አሮጊት በግ ጥርስ ዱልዱም ሆኖ ተገኘ። እናቲቱ ታክመው ሲመለሱ ካምቢዮው ገና በጋራዡ ጠረጴዛ ላይ እንደ ተበተነ ነበር። አለፍ ብለው ገቡና ያለቀውን ማርሽ በእጃቸው ይዘው ወደ ብርሃን አዙረው ጥቂት አዩት።

«ይህች ናት ያጣላቻችሁ?» አሉ።